የናፍጣ ሞተርና ዲናሞ ማጋጠም፦ አዳማ ላይ ደጋግማችሁ የምትጠይቁኝ

አዳማና ዙሪያዋ ግቢው ጥግ ላይ የናፍጣ ሞተር ያስቀመጠ ሰው ሞልቷል። አንዱ ወንጂ በኩል ሽንኩርት ሲያጠጣበት የነበረ ነው። ሌላው ወፍጮ ቤቱ ወደ መብራት ሲዞር ሥራ የፈታ ነው። መብራት መጥፋት ሲደጋገም ባለቤቱ ሞተሩ ትዝ ይለዋል። «ዲናሞ ብቻ ገዝቼ ባጋጥመውስ?» ይላል። ዲናሞ የሞተሩን ጉልበት ወደ መብራት የሚለውጠው ማሽን ነው። ይቻላል፤ አዲስ ጄኔሬተር ከመግዛትም ብዙ ጊዜ ይረክሳል። ችግሩ አብዛኛው ሰው የሚጠይቀው ዲናሞውን ከገዛ በኋላ መሆኑ ነው። ከመግዛታችሁ በፊት ይህን አንብቡ። ቁጥሮቹ ለኛ አገር መብራት፣ ማለትም ለ50 ሄርዝ (በሰከንድ 50 ጊዜ ለሚመላለስ መብራት) ናቸው።

ከየቱ ልጀምር፤ ከሞተሩ ወይስ ከዲናሞው?

ከሁለቱም አትጀምሩ። ከምታበሩት ዕቃ ጀምሩ። ወረቀት አውጡና በአንድ ጊዜ የሚሠሩትን ዕቃዎች ዋት ደምሩ። «ቤት ውስጥ ያለውን ሁሉ» ማለት ሂሳብ አይደለም።

የአብዛኛውን ሰው ሂሳብ የሚያናጋው የእንጀራ ምጣድ ነው። አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ ብቻውን ከ3 እስከ 4 ኪሎዋት ይበላል። አምፖሎች፣ ቴሌቪዥን፣ አንድ ፍሪጅና የስልክ ቻርጀር ብቻ ከሆነ ግን 2 ወይም 3 ኪሎዋት ዲናሞ ይበቃል። ስለዚህ መጀመሪያ ከቤት እመቤቷ ጋር ተነጋገሩ፦ መብራት በጠፋ ቀን እንጀራ ይጋገራል ወይስ አይጋገርም? የዚህ ጥያቄ መልስ የማሽኑን መጠን በእጥፍ ሊቀይረው ይችላል።

ድምሩ ከታወቀ በኋላ ሞተሩ ያን ያህል መሸከም ይችል እንደሆነ ታያላችሁ። ዲናሞ የሚገዛው መጨረሻ ላይ ነው።

የእኔ ሞተር ስንት ኪሎዋት መብራት ያወጣል?

ዋናው ጥያቄ ይህ ነው፤ ስለዚህ ረጋ ብለን እንሂድበት።

አንድ የፈረስ ጉልበት 0.746 ኪሎዋት ነው። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ያቆምና «12 ፈረስ ጉልበት ስለሆነ 9 ኪሎዋት ይሰጠኛል» ይላል። አይሰጥም። በየመንገዱ የሚቀር አለ።

በየገጠሩ የምናየውን የቻይናውን ኤስ195 እንውሰድ። አንድ ሲሊንደር አለው፣ በውሃ ይቀዘቅዛል፣ ሙሉ ዙሩ በደቂቃ 2,000 ነው። ለረጅም ሰዓት የሚሸከመው 8.8 ኪሎዋት፣ ማለትም 12 ፈረስ ጉልበት ነው። ሰሌዳው ላይ 9.7 የሚል ሌላ ቁጥር ካያችሁ እሱ ለአንድ ሰዓት ብቻ የሚችለው ነው፤ እርሱት።

አሁን መቀነስ እንጀምር። አዳማ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1,700 ሜትር ከፍታ ላይ ናት። ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ100 ሜትሩ አንድ በመቶ ያህል ጉልበት ያጣል፤ አየሩ ይሳሳበታላ። መተሃራ ላይ ያለ ችግር ሲጎትት የነበረ ሞተር አዳማ ሲመጣ የሚደክመው፣ አዲስ አበባ ሲወጣ ደግሞ የሚብስበት ለዚህ ነው። ስለዚህ ከ8.8 ውስጥ 17 በመቶ ስናነሳ 7.3 ይቀራል። ቺንጊያው 5 በመቶ ያህል ይበላል፤ 6.9 ሆነ። አነስተኛ ዲናሞ ደግሞ ከተቀበለው ጉልበት ወደ መብራት የሚለውጠው 80 በመቶ ገደማ ነው። መጨረሻ ላይ እጃችሁ የሚገባው 5.5 ኪሎዋት ነው። ያውም ሞተሩ ጤነኛ ከሆነ። የፒስተኑ ቀለበት ያለቀ፣ ዘይት የሚያጨስ ሞተር ከሆነ ከዚህም ቀንሱ።

ስለዚህ ለኤስ195 ትክክለኛው ዲናሞ ባለ 5 ኪሎዋቱ ነው። በጥድፊያ ለሚያሰላ ሰው አዳማ ላይ የምነግረው፦ ለእያንዳንዱ ኪሎዋት መብራት ከ2 ፈረስ ጉልበት በላይ ያዙ። በዚህ ሂሳብ 6 ፈረስ ጉልበት ያለው አር175 ከ2.5 ኪሎዋት ብዙም አያልፍም። 15 ፈረስ ጉልበት ያለው ኤስ1100 ወደ 7፣ 22 ፈረስ ጉልበት ያለው ዜድኤስ1115 ደግሞ ወደ 10 ይጠጋል።

ዲናሞው ትልቅ ቢሆን ምን አለበት? ነገ ያስፈልገኛል።

ትንሽ ከፍ ቢል ጥቅም አለው፤ አይሞቅም፣ ዕቃ ሲነሳም ቮልቱ ቶሎ አይወርድም። ለኤስ195 ባለ 7.5 ኪሎዋት ብትገጥሙ አልቃወምም። ግን ዲናሞ ጉልበት አይፈጥርም። ሞተሩ 5.5 ከሰጠው የሚያወጣው 5.5 ነው። ከዚያ በላይ ስትጭኑበት ሞተሩ ያቃስታል፣ ጥቁር ጭስ ይተፋል፣ ዙሩ ይወርዳል፤ ከዙሩ ጋር ሄርዙና ቮልቱም ይወርዳሉ። ፍሪጅ የሚቃጠለው ያኔ ነው።

የተገላቢጦሹም ጥሩ አይደለም። 22 ፈረስ ጉልበት ሞተር አራት አምፖልና አንድ ቴሌቪዥን ብቻ እያበራ ቀኑን ሙሉ ሲዞር አይሞቅም። ናፍጣው በደንብ ሳይቃጠል ጥቀርሻና ዘይት ሆኖ ማርሚታው ውስጥ ይከማቻል። ናፍጣ ሞተር ቢያንስ የአቅሙን ሲሶ ቢሸከም ይወዳል።

ሻጩ «ባለ 3,000» እና «ባለ 1,500» ይለኛል። ልዩነቱ ምንድን ነው?

50 ሄርዝ እንዲያወጣ ዲናሞው በደቂቃ ስንት ጊዜ መዞር እንዳለበት ነው። ባለ ሁለት ፖሉ (ፖል የዲናሞው ማግኔት ጫፍ ነው) 3,000፣ ባለ አራት ፖሉ 1,500 ይዞራል። ይህን ሻጩም እናንተም አትቀይሩትም።

በአየር የሚቀዘቅዙት ቀላል ሞተሮች፣ እንደ 178 እና 186 ያሉት፣ 3,000 ዙር በምቾት ስለሚሄዱ ባለ ሁለት ፖል ዲናሞ ቀጥታ ይገጠምባቸዋል። እንደ ኤስ195 ያለው ከባድ ሞተር ግን 2,000 ዙር ላይ ያበቃል። ለሱ ባለ 1,500 ዲናሞ ገዝታችሁ በፑሌጃ (ቺንጊያው በሚዞርበት መዘውር) ታገናኛላችሁ። ገበያ ላይ የምታገኟቸው ኤስቲ እና ኤስቲሲ የሚል የተጻፈባቸው ዲናሞዎች ባለ 1,500 ናቸው። ኤስቲ ሲንግል ፌዝ (እንደ ቤት መብራት አንድ መስመር)፣ ኤስቲሲ ሶስት ፌዝ (ሶስት መስመር) ነው።

ምርጫ ካላችሁ ባለ 1,500ውን ውሰዱ። ክብደቱ ያስቸግራል፣ ግን ይቆያል። ጎረቤትም አያማርርም።

ፑሌጃውን እንዴት ነው የማሰላው?

ሂሳቡ ቀላል ነው። የሞተሩ ፑሌጃ ስፋት (ዲያሜትሩ፣ በመሀሉ ከዳር እስከ ዳር) በሞተሩ ዙር ሲባዛ፣ ከዲናሞው ፑሌጃ ስፋት በዲናሞው ዙር ሲባዛ ጋር እኩል መሆን አለበት።

ሞተሩ ላይ ያለው ፑሌጃ 15 ሳንቲሜትር ነው እንበል። 15 በ2,000 ሲባዛ 30,000። ለ1,500 ስናካፍለው 20 ሳንቲሜትር። እንግዲህ ዲናሞው ላይ 20 ሳንቲሜትር ፑሌጃ ይሁን ማለት ነው። ቺንጊያ ግን ጭነት ሲመጣ ትንሽ ይንሸራተታል። ስለዚህ ቶርኖ ቤት ስትሄዱ 19.5 በሏቸው።

ስፋቱን ከጠርዝ እስከ ጠርዝ አትለኩ። ቺንጊያው ከጠርዙ ትንሽ ገባ ብሎ ነው የሚቀመጠው። ቺንጊያውን ገጥማችሁ ወገቡ የሚያርፍበት ላይ ለኩ። ትንሽ ፑሌጃ ላይ የሚሊሜትሮች ልዩነት ሄርዙን ያዛባል።

በደቂቃ 650 የሚዞረው አሮጌው የሊስተር ዓይነት ሞተር ካላችሁ ሌላ ፑሌጃ ማስቀረጽ ላያስፈልጋችሁ ይችላል። ቮላኖው (ከሞተሩ ጋር የሚዞረው ከባድ የብረት ጎማ) ራሱ ፑሌጃ ይሆናል። ቮላኖው 60 ሳንቲሜትር ከሆነ ዲናሞው ላይ 26 ይገባል። ያ ሞተር እንዴት እንደሚያምር ካልሰማችሁት አታውቁትም፤ ዱክ፣ ዱክ፣ ዱክ እያለ ሌሊቱን ሙሉ ይሄዳል።

ለ5 ኪሎዋት «ቢ» የሚባለው መጠን ሁለት ቺንጊያ ይበቃል። ሁለቱንም በአንድ ቀን፣ አንድ ዓይነት ግዙ። አንዱ አሮጌ አንዱ አዲስ ከሆነ ሥራውን የሚሠራው አዲሱ ብቻ ነው።

ስትገጥሙ ከሞተሩ ፑሌጃ ፊት እስከ ዲናሞው ፑሌጃ ፊት ክር ወጥሩ። ክሩ የሁለቱንም ፑሌጃ ሁለት ሁለት ጠርዝ፣ በጠቅላላው አራት ቦታ መንካት አለበት። አንዱ ጋ ብርሃን ካያችሁ ዲናሞውን አንቀሳቅሱ። ለዚህ ሲባል ፍሬሙ ላይ የዲናሞው ብሎን ቀዳዳ ሞላላ ሆኖ ይቆረጥ። ውጥረቱን ደግሞ በአውራ ጣት ፈትኑት። በሁለቱ ፑሌጃ መሀል 1 ሜትር ካለ፣ ቺንጊያው መሀሉ ላይ ሲጫኑት አንድ ሳንቲሜትር ተኩል ያህል ዝቅ ይበል። እንደ ክራር ካወጠራችሁት የዲናሞውን ኩሽኔታ ይበላዋል። ዲናሞና ሞተር በተለያየ መሠረት ላይ አይቀመጡ። ከወፍራም ብረት በተበየደ አንድ ፍሬም ላይ ይሁኑ።

በቺንጊያ ከሚሆን ቀጥታ ባያያዘውስ?

ሞተሩና ዲናሞው አንድ ዓይነት ዙር ከሆኑ ቀጥታ ጥሩ ነው፤ የሚጠፋ ጉልበት የለም። ኤስ195ን በ1,500 ዙር ቀጥታ ላያይዘው ካላችሁ ግን ሞተሩን ከሙሉ ዙሩ በታች እያስኬዳችሁት ነው። የጉልበቱን ሩብ ያህል ትተዋላችሁ። ነጠላ ሲሊንደር ሞተር ደግሞ በየምቱ ይገፋል። ላስቲክ የሌለው ካፕሊንግ (ሁለቱን ዘንጎች የሚያያይዘው) ከሆነ የዲናሞው ዘንግ አይችለውም። ለቤት ሥራ የኔ ምርጫ ቺንጊያ ነው። ሲበጠስ እሱን ብቻ ነው የምትገዙት።

ሶስት ፌዝ ልግዛ? ኃይለኛ ነው ይባላል።

ሶስት ፌዝ የሚበላ ዕቃ ከሌላችሁ አትግዙ። 10 ኪሎዋት ሶስት ፌዝ ዲናሞ በእያንዳንዱ ፌዝ ላይ የሚሰጠው 3.3 ብቻ ነው። ምጣዱን አንዱ ፌዝ ላይ ሰክታችሁ ሌሎቹን ባዶ ብትተዉ ያ ፌዝ ሲቃጠል 10 ኪሎዋት ገዝቻለሁ ማለታችሁ አያድነውም። ለመኖሪያ ቤት ሲንግል ፌዝ።

ሰሌዳው ላይ ኪሎዋትና ኬቪኤ (የቮልትና የከረንት ብዜት በሺህ) አትቀላቅሉ። ሶስት ፌዙ 12.5 ኬቪኤ ካለ 10 ኪሎዋት ማለት ነው። ሲንግል ፌዙ ኤስቲ ላይ ሁለቱ እኩል ናቸው።

የወፍጮ ሞተር ማስነሳት ይችላል?

የኤሌክትሪክ ሞተር ሲነሳ ከወትሮው ከ5 እስከ 7 እጥፍ ከረንት ይስባል። ለጥቂት ሰከንድ ነው፣ ግን ዲናሞው በእነዚያ ሰከንዶች ይንበረከካል። ቀጥታ ለሚነሳ ሞተር ዲናሞው በኬቪኤ የሞተሩን ኪሎዋት ሁለት ተኩል እስከ ሶስት እጥፍ ይሁን። 7.5 ኪሎዋት የወፍጮ ሞተር ወደ 20 ኬቪኤ ይፈልጋል ማለት ነው። ስታር ዴልታ (ሞተሩን መጀመሪያ በዝቅተኛ ቮልት የሚያስነሳ ማብሪያ) ካለው ይቀላል፤ የመነሻውን ከረንት ወደ ሲሶ ያወርደዋል።

ግን እውነቱን ልንገራችሁ። ናፍጣ ሞተር ካላችሁ ወፍጮውን በቺንጊያ ቀጥታ አዙሩት። ጉልበቱን ወደ መብራት ቀይሮ፣ መብራቱን መልሶ ወደ ጉልበት መቀየር ሩቡን ያህል መንገድ ላይ መጣል ነው። ናፍጣ በዚህ ዋጋ እየተገዛ ማን ይችለዋል? ዲናሞውን ለአምፖሉና ለሌላው ዕቃ ተዉት።

ቤት ውስጥም ይኸው ሕግ ይሠራል። መጀመሪያ ፍሪጁን አስነሱ፣ ይረጋጋ፣ ከዚያ ሌላውን ጨምሩ።

ዙሩ ትክክል መሆኑን በምን አውቃለሁ?

ሄርዝ የሚያነብ ቴስተር ግዙ። ውድ አይደለም፤ ከጆሮ ግን ይሻላል። ምንም ሳይሰካ 52 ሄርዝ አካባቢ ላይ ጋዙን አስተካክሉ። ሜካኒካል ጋቨርነር (የሞተሩን ዙር የሚቆጣጠረው ክፍል) ጭነት ሲመጣ ትንሽ ዝቅ ማለቱ አይቀርም። ሙሉ ጭነት ላይ 50 አካባቢ ካረፈ ጨርሳችኋል። ባዶውን 50 ላይ ካስተካከላችሁት ጭነት ሲመጣ ወደ 47 እና 48 ይወርዳል። ከ52 ተነስቶ ወደ 45 ከወረደ ደግሞ ወይ ጭነቱ በዝቷል ወይ ጋቨርነሩ ታሟል።

መብራቱ ይርገበገባል። ዲናሞው ነው?

አብዛኛውን ጊዜ አይደለም። ነጠላ ሲሊንደር ሞተር በየፍንዳታው ዙሩን ትንሽ ያወዛውዛል፤ አምፖሉ ላይ ይታያል። ከባድ ቮላኖ ያስታግሰዋል። በድንገት የመጣ ከሆነ ግን ቺንጊያው ላልቷል፣ ወይም ኖዝሉ (ናፍጣውን ወደ ሲሊንደሩ የሚረጨው) ይንጠባጠባል፣ ወይም ናፍጣው ውስጥ አየር ገብቷል። በዚህ ቅደም ተከተል እዩ።

ሞተሩ ይዞራል፣ ዲናሞው ምንም አይሰጥም።

መጀመሪያ ዙሩን፣ ቀጥሎ ካርቦኖቹን (የሚዞረውን ክፍል እየነኩ ከረንት የሚያሳልፉትን) እዩ። ካርቦኑ ቤቱ ውስጥ ተጣብቆ ሊሆን ይችላል፤ የአዳማን አቧራ የምታውቁት ነው። ደህና ከሆኑ ዲናሞው ላይ ቮልት ለኩ። ጥቂት ቮልት ካሳየ ማግኔቱ አልጠፋም፤ ችግሩ ዲዮዱ (ከረንትን በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፈው) ወይም ሽቦው ላይ ነው። ዜሮ ከሆነ ለረጅም ጊዜ ቆሞ በብረቱ ውስጥ የሚቀረውን ማግኔት አጥቷል ማለት ነው። ይህ ባለ 12 ቮልት የመኪና ባትሪ ለአንድ አፍታ ካርቦኖቹን በሚመግበው ገመድ ላይ በማስነካት ይመለሳል። ፖዘቲቩ ከፖዘቲቩ ጋር መሆን አለበት፤ ከተገላበጠ ዲዮዱ ወዲያው ይሄዳል። የትኛው ገመድ የቱ እንደሆነ እርግጠኛ ካልሆናችሁ ሞተር ጠምጣሚ ጋ ውሰዱት፤ የደቂቃዎች ሥራ ነው።

ከውጭ የመጣ ባለ 60 ሄርዝ ዲናሞ በርካሽ አገኘሁ።

ሰሌዳው ላይ 1,800 ወይም 3,600 ዙር የሚል ከሆነ ለኛ አገር አልተሠራም። ባለ 1,800ውን በ1,500፣ ባለ 3,600ውን በ3,000 ብታዞሩት 50 ሄርዝ ይሰጣል፣ ግን ቮልቱ ወደ ስድስት እጅ አምስቱ ይወርዳል። 240 የነበረው 200 ይሆናል። ኤቪአሩ (ቮልቱን የሚቆጣጠረው ክፍል) አስገድዶ 220 ካወጣው ብረቱ ይሞቃል። በጣም ካልረከሰ አልገዛውም። ለምጣድና ለአምፖል ብቻ ከሆነ ያስኬዳል።

መዳብ መሆኑን እንዴት ልወቅ?

ሰሌዳ ማንም ያትማል። አንድ ዓይነት ቁጥር የተጻፈባቸውን ሁለት ዲናሞዎች በሚዛን አስቀምጡ። ቀሎ የተገኘውን ጠርጥሩ። ከዚያ የገመድ ሳጥኑን አስከፍቱና የሽቦውን የተቆረጠ ጫፍ እዩ። ላዩ ቀይ ሆኖ መሀሉ ነጭ ከሆነ መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም ነው። ጫፉን በምላጭ ፋቅ ማድረግ ይበቃል። ሻጩ አይከፈትም ካላችሁ ደህና ዋሉ ብላችሁ ውጡ።

የመኪና ዲናሞ አይሆንም?

ባትሪ ይሞላል። 220 አይሰጥም።

ከቤቱ መስመር ጋር በሶኬት ባያይዘውስ?

በፍጹም። ሁለቱም ጫፉ ወንድ የሆነ ገመድ ሠርታችሁ ግድግዳው ላይ ከሰካችሁ መብራቱ ወደ ሰፈሩ ትራንስፎርመር ተመልሶ ይሄዳል። ትራንስፎርመሩ ደግሞ ወደ ኋላ ሲሠራ 220ውን 15,000 ቮልት ያደርገዋል። እዚያ ላይ መስመር የሚጠግን የሰው ልጅ ወጥቷል። መብራቱ ድንገት ቢመጣ ደግሞ ዲናሞው ይነዳል። ቼንጅ ኦቨር አስገጥሙ፤ ወይ ወደ መብራት ኃይል ወይ ወደ ዲናሞ፣ መሀል የለውም። ኧርዝም ይቀበር።

(ከከተማው በላይ ኮረብታው ላይ ያሉት የንፋስ ተርባይኖች፣ አዳማ 1 እና 2 ሲደመሩ 204 ሜጋዋት፣ ሲዞሩ እያየን ጨለማ የምንቀመጥበት ምሽት መኖሩ ያናድዳል። ኃይሉ የሚገባው ወደ አገሪቱ መረብ ነው። የሰፈራችሁ ትራንስፎርመር ወይም መስመር ከተበላሸ ተርባይኑ ቢዞርም አይደርሳችሁም።)

የት ላስቀምጠው?

ውጭ፣ ጥላ ያለበት፣ ንፋስ የሚያገኘው ቦታ። ክፍል ውስጥ ዘግታችሁ አታስነሱት፤ ጭሱ ውስጥ ያለው ሽታ የሌለው ጋዝ ሳይታወቅ ይገድላል። የአዳማ ንፋስ አቧራ ስለሚያነሳ የአየር ማጣሪያውን ቶሎ ቶሎ እዩ። ውሃው የሚተን ሞተር ከሆነ ንጹሕ ውሃ ሙሉበት። የአዋሽን ውሃ እንዳለ ከጨመራችሁ ደለሉ ታች ይቀመጥና ሞተሩ ይሞቃል።

ናፍጣ ስንት ይበላል?

ደህና ሞተርና ደህና ዲናሞ ከሆነ ለአንድ ኪሎዋት ሰዓት መብራት 0.4 ሊትር አካባቢ ነው። 4 ኪሎዋት ይዛችሁ አንድ ሰዓት ብትሠሩ ከአንድ ሊትር ተኩል ትንሽ በለጥ ይላል። ግማሽ ጭነት ላይ በሰዓት የሚበላው ይቀንሳል፣ በኪሎዋት ሲሰላ ግን ይወደዳል። ከዚህ በጣም ከበለጠ መጀመሪያ ኖዝሉን አስፈትሹ፣ ከዚያ የፖምፓውን ታይሚንግ። ጭሱ ጥቁር ከሆነ ደግሞ የአየር ማጣሪያውን አውልቃችሁ ለአንድ አፍታ አስነሱት፤ ጭሱ ከቀነሰ ጥፋቱ ማጣሪያው ላይ ነው።